በምን ስም ልጥራዎት?

ወዳጆች፣ ዛሬ ስለ ዶላርም ስለ ምርጫም አልጽፍም። ስለ ራሴ ነው የምጽፈው። ይህን ጽሑፍ ከሦስት ወር በላይ ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቻለሁ። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ሁለት ስም አለኝ። አንደኛው አባቴ ያወጣልኝ ነው። መታወቂያዬ ላይ ያለው እሱ ነው፤ ገና ሲጠራ “የትግራይ ልጅ ነው” ያስብላል። ሁለተኛው እናቴና የኮምቦልቻ ዘመዶቼ የሚጠሩኝ የቤት ስም ነው። አባቴ በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የሚነዳ ሹፌር ነበር። ኮምቦልቻ ሲያድር ነው እናቴን ያገኛት። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ልጅ ሳለሁ ሁለት ስም መያዝ ሁለት ቤት እንደ መያዝ ነበር፤ አንዱ ቤት ሲቆጡኝ ወደ ሌላው እሮጣለሁ።

ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም። ለምን እንደማልጽፋቸው ስትጨርሱ ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ምን እንደሆነ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ሰሞን ባወጣው መግለጫ እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ገልጾ ስጋቱን ተናግሮ ነበር። እኔ የተወሰድኩት ከቤቴ ነው፤ ማታ፣ እራት ቀርቦ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ከቆየሁ በኋላ “ሂድ” ተባልኩ። ለምን እንደያዙኝ ማንም አልነገረኝም፤ ለምን እንደለቀቁኝም እንደዚሁ። ማን እንደጠቆመኝ የምጠረጥረው ሰው አለ፤ ዛሬም በየጠዋቱ ሰላም እንባባላለን።

በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። እኔ ታስሬ ሳለሁ የአክስቴ ልጅ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ተገደለ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የተኮሱበት ሰዎች የተናገሩት ቋንቋ አባቴ እኔን ያባበለበት ቋንቋ ነው።

እንግዲህ ይህን አስቡት። በአባቴ ልጅነቴ ታስሬአለሁ። የእናቴን ወገን የገደሉት ደግሞ የአባቴ ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። እስር ቤት አብረውኝ ካሉት ጋር ስሆን የአክስቴን ልጅ ሞት መናገር አልቻልኩም (መርዶውን የሰማሁት ስንቅ ይዛ ከመጣችው ባለቤቴ ነው)። ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ከእናቴ ዘመዶች ጋር ስሆን መታሰሬን መናገር አልቻልኩም። ለቅሶ እንኳ ሳልደርስ ቀረሁ። የሚያለቅሱበት ቦታ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ያደረግሁት አብዛኞቻችን የምናደርገውን ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። እንቅልፌ ሄደ። የብረት በር ሲንኳኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። አባቴ ሲደውል፣ ታክሲ ውስጥ ከሆንኩ አላነሳም፤ ሰው ካለበት ካፌ ከሆንኩ ወጥቼ በሹክሹክታ አናግረዋለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤት ውስጥም በሹክሹክታ ማውራት ጀመርኩ። ልጄ አንድ ቀን “አባዬ፣ ለምንድን ነው አያቴን ስታናግር እንደ ሌባ የምታወራው?” አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነበር።

የንስሐ አባቴ ጸልየውልኛል፤ ጠበልም ተጠምቄአለሁ። ሁለቱንም ያገኘሁት በቅንነት ነው፤ ሁለቱም አቆይተውኛል። ግን የበሩ ድምፅ አልለቀቀኝም። በመጨረሻ ባለቤቴ ባለሙያ ፈልጋ ቀጠሮ ያዘችልኝ።

*

የመጀመሪያው ባለሙያ መጥፎ ሰው አልነበረም። ጨዋ፣ የተማረ፣ ሰዓት የሚያከብር ነው። ታሪኬን ልጀምር ስል ግን እጁን አነሳና “እዚህ ቤት ፖለቲካ አናወራም፤ እዚህ ሁላችንም ኢትዮጵያዊ ነን፤ በስሜትህ ላይ ብቻ እናተኩር” አለኝ። ስለ እንቅልፍ መከረኝ፣ የአተነፋፈስ ልምምድ አሳየኝ። ምክሩ ልክ ነበር። ሦስት ጊዜ ሄጄ አቆምኩ።

ለምን እንዳቆምኩ ያኔ መናገር አልችልም ነበር፤ አሁን እችላለሁ። የቆሰልኩት በስሜ በኩል ነው። ስሜ እንዳይነሳ የተከለከለበት ክፍል ውስጥ ቁስሉም አብሮ ይከለከላል። “ሁላችንም አንድ ነን” የሚለው ቃል በሰላም ጊዜ በረከት ሊሆን ይችላል፤ አንድ እንዳልሆነ ተነግሮት ከእራት ላይ ለተነሳ ሰው ግን “ያልከው አልተፈጸመም” እንደ ማለት ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እሳት የሚለውን ቃል ሳይጠራ እንዴት ያልቅስ?

ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ያህል ባለሙያ ፊት አልቀረብኩም።

ሁለተኛዋ ሴት ናት። ስገባ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ “በምን ስም ልጥራዎት?” የሚል ነበር። ቅጹ ላይ ስሜ ተጽፏል እኮ፤ አይታዋለች። ግን ጠየቀች። መልስ ለመስጠት ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። “ሁለት አለኝ” አልኳት። “ሁለቱንም ይንገሩኝ፤ ከዚያ በፈለጉት እጠራዎታለሁ፤ ሌላ ቀን ሌላውን ቢመርጡም ችግር የለም” አለችኝ። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ትንሽ ተነሳ። ያን ቀን ሌላ ብዙ አላወራንም።

ግን ብዙ ነገር ነገረችኝ። ማስታወሻ ላይ ምን እንደምትጽፍ፣ ማን እንደሚያየው፣ በምን ሁኔታ ብቻ ምስጢር ለመጠበቅ እንደማትችል፣ ስንት ሰዓት እንደምንጨርስ ዘርዝራ አስረዳችኝ። “መናገር የማይፈልጉትን እንዲናገሩ አልጠይቅም፤ በቃኝ ሲሉ እናቆማለን” አለች። ከዚያ “በሩ ይዘጋ ወይስ ገርበብ ይበል? የት መቀመጥ ይሻልዎታል?” ብላ ጠየቀችኝ። በሩን የሚያይ ወንበር መረጥኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የት እንደምቀመጥ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እነዚያን አሥራ ዘጠኝ ቀናትማ፣ ተቀመጥ ያሉኝ ቦታ ነው የተቀመጥኩት።

ይህ የእሷ ደግነት ብቻ አለመሆኑን ኋላ ላይ አንብቤ ተረዳሁ። የራሱ ታሪክና ሥርዓት ያለው አሠራር ነው። በአሜሪካ ሳይካትሪስቶች የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው ሕመም ራሱን ችሎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ለዚህም ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ጉዳይ ትልቅ ድርሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1992 ጁዲት ኸርማን የተባለች የአሜሪካ ሳይካትሪስት በመጽሐፏ ማገገምን በሦስት ደረጃ ከፈለችው፦ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ማስታወስና ማልቀስ፣ በመጨረሻ ከሰው ጋር እንደገና መቀላቀል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ደኅንነት ሳይኖር አስታውስ አይባልም። የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤናና የሱስ አገልግሎት መሥሪያ ቤት (ሳምሳ) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ትራውማን ያገናዘበ አገልግሎት የሚመራባቸውን ስድስት መርሆች አወጣ፦ ደኅንነት፣ መተማመንና ግልጽነት፣ ተመሳሳይ ነገር ያለፉ ሰዎች ድጋፍ፣ አብሮ መሥራት፣ የመምረጥ ነጻነት፣ ስድስተኛው ደግሞ ባህልን፣ ታሪክንና ጾታን ከግምት ማስገባት።

ስድስተኛው ነው የኔ ጉዳይ። ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ወገኖቹ ምን እንዳለፉ ከሕክምናው ውጭ ያለ ነገር አይደለም ማለት ነው።

የዚህን አሠራር መንፈስ ፈረንጆቹ ሲያጠቃልሉት፣ ጥያቄው “ምን ነካህ?” ከሚለው ወደ “ምን ደረሰብህ?” ይዙር ይላሉ። እኛ ዘንድ “ምን ሆነሃል?” የሚል አንድ ጥያቄ አለ፤ እንደ አነጋገሩ ሁለቱንም ይሆናል። አለቃዬ ሲለኝ ስድብ ነው፤ እናቴ ስትለኝ ርኅራኄ ነው። ባለሙያ ማለት ጥያቄውን እንደ እናት መጠየቅ የሚችል ሰው ነው አልኩ ለራሴ።

*

አራተኛው ቀጠሮ ላይ ይመስለኛል፣ አላስቻለኝም። በዚያን ጊዜ አንተና አንቺ መባባል ጀምረናል። “አንቺስ ከየት ነሽ?” አልኳት። ስሟ ከሁሉም ሊሆን የሚችል ስም ነው፤ አነጋገሯንም ሰልዬ ሰልዬ አልደረስኩበትም።

“ይህ ተገቢ ጥያቄ አይደለም” ብትለኝ ኖሮ ተመልሼ የምሄድ አይመስለኝም። እሷ ግን “እነግርሃለሁ፤ የምደብቀው ነገር አይደለም። መጀመሪያ ግን መልሱ ይህ ቢሆን ምን ይሰማሃል? ያ ቢሆንስ?” አለችኝ። ያን ቀን ሙሉ ስለዚህ ስናወራ ዋልን። የአባቴ ወገን ብትሆን ስለ አክስቴ ልጅ ሳወራ የምትቆጣ መስሎኝ እንደምፈራ ተናገርኩ። የእናቴ ወገን ብትሆን በልቧ “ደግ አደረጉህ” የምትለኝ ይመስለኛል አልኩ። ሁለቱም ባትሆንስ? “እነዚህ ሰዎች ሁሌ ይባላሉ” ብላ የምትታዘበን ይመስለኛል። ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ ነገረችኝ።

ለእናንተ ግን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ከላይ ያነበባችሁትን ሁሉ ተመልሳችሁ በዚያ መነጽር ታነቡታላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ገመድ አመጣች። እውነተኛ ገመድ ነው። ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው። አንዱ ጫፍ የተወለድኩበት ቀን ነው፤ ሌላው ጫፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ገና ያልኖርኩት ዕድሜ ነው። መልካም ነገር በደረሰልኝ ቦታ አበባ፣ ክፉ ነገር በደረሰብኝ ቦታ ድንጋይ አስቀምጣለሁ። ዘዴው በጀርመን አገር ያሉ ባለሙያዎች በጦርነትና በስደት ለተጎዱ ሰዎች ያዘጋጁት ሲሆን፣ በኡጋንዳ የስደተኞች መጠለያም ተሞክሯል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ገመድ፣ ድንጋይ፣ አበባና ማዳመጥ የሚችል የሠለጠነ ሰው።

ብዙ ድንጋይ እደረድራለሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስት ነገሮች አበባ ሆኑ። የአባቴ መኪና ጋቢና ውስጥ ተኝቼ ስጓዝ የሚሰማኝ የሞተር ድምፅ። አያቴ ኮምቦልቻ ላይ የምታጨሰው እጣን። አባቴ ጢሙን እየተላጨ በትግርኛ ቁጥር ሲያስቆጥረኝ። እነዚህን ረስቻቸው ነበር። ኅዳር 2014 ላይ ስደርስ ሁለት ድንጋይ ያዝኩና ቆምኩ። አንዱ የእስሩ ነው፣ አንዱ የአክስቴ ልጅ። የቱ ይቅደም? የቱ ትልቁ ይሁን? አንዱን ትልቅ ካደረግሁ ሌላውን የካድኩ መሰለኝ።

“መምረጥ የለብህም” አለች። “የአንድ ሰው ድንጋዮች ናቸው።”

ከዓመት በላይ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ።

*

አሁን የአንዳንዶቻችሁ ጥያቄ ይታየኛል። “ይቺ አገር በማንነት ፖለቲካ እየነደደች አንተ ደግሞ ሕክምናውን ማንነት ተኮር አድርጉ ትላለህ?” ትላላችሁ።

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሴ ይህ ነው። በድሮው የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ “ብሔር” የሚል አንድ መስመር ነበረ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚይዘው፤ እናቴ እዚያ መስመር ላይ የለችም። አዋጁም፣ ጠቋሚውም፣ ኮምቦልቻ ላይ የተኮሰውም ሰው በዚያ በአንድ መስመር ነው ያነበቡን። የሕክምናው ክፍል የተለየው ማንነቴን ስለተቀበለ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ እንድናገረው ስለተወልኝ ነው። የፖለቲካችን ማንነት “ይህ ነህ” ብሎ ይፈርጃል፤ እሷ “ማን ነህ?” ብላ ትጠይቃለች። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ማንነትን መቀበል ማለት የተናገርኩትን ሁሉ ማጽደቅም አይደለም። አንድ ቀን “ጎረቤቶቼ ሁሉ አሳልፈው ሰጡኝ” አልኳት። “ሁሉም?” አለች። ዝም አልኩ። እኔ ታስሬ ሳለሁ ለልጄ ምሳ የምታቀብል፣ ባለቤቴን ጣቢያ ድረስ የምትሸኝ ጎረቤት ነበረች። ስሟን ለአንድ ዓመት አላነሳሁም ነበር። ምሬቴ ውስጥ ቦታ አላገኘሁላትም። ከዚህም በላይ፣ ስለ ብሔር ምንም ያላወራንባቸው ብዙ ቀናት አሉ፤ ስለ ዕዳዬ፣ ስለ ትዳሬ፣ ስለ ጨጓራዬ አውርተናል። ሰው ቁስሉ ብቻ አይደለም፤ ስሙም ብቻ አይደለም።

ሌላው ነገር፣ ሁሉም የተጎዳ ሰው ቴራፒ ያስፈልገዋል እያልኩ አይደለም። ብዙ ሰው በቤተሰቡ፣ በእድሩ፣ በእምነቱና በጊዜ ይድናል። እኔ አልዳንኩም፤ ስለዚህ ሄድኩ። የቆጠብነውን ከፍለን ነው የሄድኩት፤ ለብዙዎቻችሁ ይህ እንደማይቻል አውቃለሁ። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረባት አገር ናት። ዛሬ ብዙ ሆስፒታሎች ክፍል ቢከፍቱም፣ ጦርነት ላለፈበት ሕዝብ የባለሙያው ቁጥር አይመጥንም።

ስለዚህ ነው ነገሩ የኔ ብቻ ያልሆነው፣ ይህ ቻናል ላይ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ አዋጁ በታወጀ ልክ በዓመቱ፣ ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ አገራዊ ምክክር እንላለን፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በ2016 ጸድቋል። ሁለቱም የተጎዱ ሰዎች እንዲናገሩ ይጠይቃሉ። ጥሩ ነው፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና መነገር አለበት። ግን እንዴት? የዓለም ጤና ድርጅት አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያውኑ ሁሉን ዘርዝር ብሎ ማስጨነቅ እንደማይጠቅም ካሳወቀ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ግን ልጇን ያጣች እናት ፊት ካሜራ ደቅነን “ምን ተሰማዎት?” እንላለን፤ ስታለቅስ እናቀርበውና እንለቀዋለን። ማታ ብቻዋን ስትሆን ማን አለ? የተናገረችውን ማን ያየዋል? በቃኝ ብትልስ? የት መቀመጥ እንደሚሻላት የጠየቃት አለ? ከሳሽ ይሁን ኮሚሽነር፣ ጋዜጠኛ ይሁን መርማሪ፣ ቴራፒስት እንዲሆን አልጠብቅም። እነዚህን አራት ጥያቄዎች አስቀድሞ ማሰብ ግን በጀት አይጠይቅም።

ባለሙያ ለመፈለግ ለምታስቡ ደግሞ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ልንገራችሁ፦

– በመጀመሪያው ቀን ስለ ምስጢር አጠባበቅ ጠይቁ። በግልጽ የማይመልስ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።
– “ስለ ማንነቴና ስለደረሰብኝ ነገር እዚህ ማውራት እችላለሁ?” በሉ። ፊቱን እዩት።
– ገና በመጀመሪያው ቀን ሁሉን እንድትዘረዝሩ የሚያስጨንቃችሁን አትቀበሉ።
– የናንተን ቁጣ እያራገበ ሌላውን ወገን የሚሰድብላችሁም ባለሙያ አይደለም፤ ያንን ፌስቡክ ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ።
– አንዱ ባይሆን ሕክምናው አይሠራም አትበሉ። እኔ ስምንት ወር ያጣሁት እንደዚያ ብዬ ነው።

*

ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ ሄድኩ። አክስቴ በር ላይ ስታየኝ በቤት ስሜ ጠራችኝ። ምን ልበላት ብዬ ስንት ሌሊት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጉልበቷን ስሜ “ሳልደርስ ቀረሁ” ከማለት ሌላ አልወጣልኝም። “ታስረህ እንደነበር ሰምቻለሁ” አለች። “ማን ነገረሽ?” አልኳት። “አባትህ ደውሎ ነገረኝ። እየደወለ አብሮኝ ያለቅስ ነበር” አለችኝ።

እኔ በሁለቱ መካከል እንዳልጠፋ ስሸሽ፣ እነሱ ለካ ይደዋወሉ ነበር።

ቡና አፈላች። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፤ አባቴ ነው። እጄ እንደ ልማዱ ወደ መዝጊያው ሄደ። ከዚያ አነሳሁት። “ከመይ ኣለኻ ወደይ” አለኝ። ድምፄን ሳልቀንስ በትግርኛ መለስኩለት። ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ልቤ ደነገጠ። ስልኩን ግን አልዘጋሁም። ሰውዬውም ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ምን አስቦ እንደዞረ አላውቅም፤ ምናልባት ጮክ ብዬ አውርቼ ይሆናል።

አሁንም የብረት በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ልዩነቱ እጄ ቶሎ ይመለሳል። ስሞቼንም እንደምታዩት ገና እዚህ አልጻፍኳቸውም፤ ለዚህ ያህል ገና አልደረስኩም፤ አገሪቱም የደረሰች አይመስለኝም። ቤት ውስጥ ግን በሹክሹክታ ማውራት ትቻለሁ። ልጄ በቀደም “አባዬ፣ ቀስ በል፤ እያጠናሁ ነው” አለችኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሰላም ሁኑልኝ።